በቤት የሚሠራ የቆዳ ቅባትን የቤተሰብ ንግድ ማድረግ፦ ከመቶ ግራም ሙከራ እስከ ሱቅ መደርደሪያ

በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በኮተቤ፣ በቱሉ ዲምቱና በለገጣፎ ቅባት ሠርተው መሸጥ የጀመሩ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ የሚሰናከሉት ግን አንድ ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዙር ያምራል፤ ጎረቤት ያመሰግናል፤ ሃያ ሰው ያዝዛል። ሁለተኛው ዙር ትንሽ ይጠጥራል። ሦስተኛው እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። አራተኛው ሻግቶ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያዝ ሰው የለም። እኔም በለገጣፎ ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋር ስጀምር የወደቅሁት እዚሁ ላይ ነው።

ሙያ አንሶን አልነበረም። ለራስ የሚሠራ ቅባት አንድ ጊዜ ካማረ ይበቃል፤ የሚሸጥ ቅባት ግን ሠላሳኛው ዙር ከመጀመሪያው ጋር አንድ መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ያንኑ ነገር ደጋግሞ መሥራት እንዲቻል ነው። ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ።

ደረጃ 1፦ በአንድ ምርት ይጀምሩ፤ ውኃ የሌለበት ይሁን

የእጅ፣ የተረከዝና የከንፈር ደረቅ ቅባት ይምረጡ። ዘይት፣ ሺአ ቅቤ (ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ፣ የሚረጋ ስብ) እና የንብ ሰም ብቻ ያለበት ማለት ነው። ባክቴሪያና ሻጋታ ለመራባት ውኃ ይፈልጋሉ፤ ውኃ በሌለበት ቅባት ውስጥ መራባት አይችሉም።

እሬት የገባበት ክሬም፣ የጽጌረዳ ውኃ፣ የእርጎና የማር የፊት ጭምብል መጀመሪያ ላይ አይንኩ። ትኩስ የእሬት ዝልግልግ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላሻል። እኛ በሐምሌ ወር የሠራነውን የእሬት ክሬም በዘጠነኛው ቀን ስንከፍት ክዳኑ ሥር ግራጫ ነጥቦች ነበሩበት፤ ለአሥራ አራት ሰው ገንዘብ መልሰናል። ቫይታሚን ኢ ጨምረንበት ስለነበር ይጠብቀዋል ብለን ነበር። ቫይታሚን ኢ ዘይት ቶሎ እንዳይበከት ያግዛል እንጂ ባክቴሪያና ሻጋታ አይገድልም። ውኃ ያለበት ምርት እውነተኛ መጠበቂያ፣ የአሲድነት መጠን ልኬትና የላቦራቶሪ ምርመራ ይፈልጋል። ለእሱ ጊዜው ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ዓመት ግን ጊዜው አይደለም።

ለጋ ቅቤስ? ቅቤ ውስጥ ውኃና የአሬራ ቅሪት ስላለ ቶሎ ይበክታል። ለራስ ፀጉር ይቀቡት፤ አይሽጡት።

ሳሙናም ይቆይ። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ የአሉሚኒየም ድስት ይበላል፤ የተሠራውም ሳሙና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ተቀምጦ መድረቅ አለበት። አንድ ቀን ሲደርሱበት ይህን አይርሱ፦ ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ውኃው ይጨምሩ፤ ውኃውን ወደ ሶዳው በፍጹም አያፍስሱ።

ደረጃ 2፦ ቦታውንና ዕቃውን ያሰናዱ

ቅባት ሽታ ይስባል። የመጀመሪያውን የታዘዘ ሥራችንን የሠራነው እናቴ ቁሌት ባቁላላችበት ጠዋት ነበር። ሺአ ቅቤው ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ አድሯል። ደንበኛዋ ጣሳውን ከፍታ አሸተተችና «ይኼ የምግብ ነው?» አለችኝ። ስለዚህ፦

1. ቅባት በሚሠራበት ቀን ወጥ አይሠራ፤ ቡና አይቆላ፤ እጣን አይጨስ። የተለየ ክፍል ካለ ይለዩ፤ ከሌለ ቀን ይለዩ።
2. ጥሬ ዕቃው ሁሉ በሚገጥም ክዳን ተዘግቶ ከበርበሬና ከቅመም ርቆ ይቀመጥ።
3. ለቅባት የሚሆን ድስት፣ ማማሰያና ጭልፋ ለብቻው ይግዙና ምልክት ያድርጉበት። ወጥ የተሠራበት የእንጨት ማማሰያ አይሆንም፤ ሽታ ይይዛል፤ ውኃም ያቁራል።

መግዛት ያለብዎት ዕቃ ብዙ አይደለም። በ1 ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን፣ ለቫይታሚን ኢና ለመዓዛ ዘይት በ0.1 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን፣ የማይዝግ ብረት ሳህን፣ እሱን የሚሸከም ድስት፣ ቴርሞሜትር፣ 70 በመቶ አልኮል፣ ጓንት፣ የፀጉር መሸፈኛና አንድ ጠንካራ ደብተር። ገንዘብ ካነሰ ከሁሉ በፊት ሚዛኑን ይግዙ። «ሁለት ስኒ ዘይት፣ አንድ ማንኪያ ሰም» የሚል አሠራር ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም፤ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት 92 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው፤ ሺአ ቅቤ ደግሞ በማንኪያ ሲዛቅ አየር ይይዛል።

ቴርሞሜትሩን በፈላ ውኃ ይፈትሹት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። 92 ካሳየ ልክ ነው። ተበላሽቷል ብለው አይመልሱት።

ጣሳና ብልቃጥ አዲስ ይሁን። ምናለሽ ተራ በርካሽ የሚገኘው ያገለገለ ብልቃጥ ምን እንደነበረበት አይታወቅም፤ ክዳኑም በደንብ አይገጥምም። አዲሱንም በሙቅ ውኃና በሳሙና ይጠቡት፤ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ደፍተው ሙሉ ቀን ያድርቁት፤ ከመሙላትዎ በፊት በአልኮል ይጥረጉትና አልኮሉ ተንኖ እስኪያልቅ ይጠብቁ። በክረምት አንድ ቀን አይበቃም፤ ሁለት ቀን ይስጡት። ጣሳው ውስጥ የቀረች አንዲት የውኃ ጠብታ ያን ሁሉ «ውኃ የሌለበት» ያልነውን ከንቱ ታደርገዋለች።

ደረጃ 3፦ ጥሬ ዕቃውን እየመረመሩ ይግዙ

የሰሊጥ ዘይት፦ ሳይቆላ ከተጨመቀ ሰሊጥ የወጣ ዘይት ይጠይቁ። የተቆላው ሽታው ከባድ ነው፤ ምንም መዓዛ አይሸፍነውም። ኑግና ተልባ ርካሽ ቢሆኑም ዘይታቸው ከሰሊጥ ዘይት ይልቅ ቶሎ ይበክታል፤ ለሽያጭ አይሁኑ።

ሺአ ቅቤ፦ አገራችን ውስጥ የሺአ ዛፍ በጋምቤላ ይበቅላል። የምሥራቅ አፍሪካው ዓይነት ከምዕራብ አፍሪካው ይለሰልሳል፤ ስለዚህ አንዱን በሌላው ቢተኩ ቅባትዎ ይለወጣል። ሻጩን ከየት እንደመጣ ይጠይቁና ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። ሲያሸቱት ቀለል ያለ የለውዝ ሽታ ካለው ደህና ነው፤ የቆየ የጥብስ ዘይት የሚሸት ከሆነ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተዉት።

የንብ ሰም፦ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። ከሻማ ጥሬ ዕቃ ጋር የተደባለቀ ሰም እንደ ንጹሕ ይሸጣል። ቁራሽ ወስደው በእጅዎ ያሙቁት፤ ንጹሑ የማር ሽታ ያመጣል፤ ሳይንሸራተት እንደ ሊጥ ይታሻል፤ ሲሰበርም ስባሪው ሻካራ ነው። በጣም የሚያንሸራትትና ምንም የማይሸት ከሆነ ይጠርጥሩ።

ጠጅ ከሚጥል ቤት ሰፈፍ ማግኘት የሚችል ሰው ትልቅ ወጪ ይቀንሳል፤ ግን ማጽዳቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሰፈፉን ከብዙ ውኃ ጋር በዝግታ ያሙቁ፤ ሲቀልጥ በንጹሕ ሻሽ ያጥሉ፤ ሳይነኩ ሌሊቱን ያቀዝቅዙ። ሰሙ ከላይ ረግቶ ይነሣል። ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቁር ዝቃጭ በቢላ ይፋቁና በአዲስ ውኃ ይድገሙት። የጠጁ ሽታ እስኪለቅ ሦስት ጊዜ ሊፈልግ ይችላል። በመጨረሻ ውኃ ሳይገባበት ሳህን ውስጥ ቀልጦ፣ ውስጡ የቀረው ውኃ እስኪተን በሙቅ ውኃ ላይ ይቆይ።

ማር አይጨምሩ። በዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ ሥሩ ይዘቅጣል። የሎሚ ጭማቂም አይጨምሩ፤ የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ለወራት ሊጠቁር ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ደንበኛ «የሚያነጣ አለሽ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሃይድሮኪኖን፣ ሜርኩሪ ወይም የስቴሮይድ ቅባት ከራስዎ ቅባት ጋር ቀላቅለው አይሽጡ። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፤ ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል። በልጆች ፊት ላይ የሚቀባ እናት ልትኖር ትችላለች። የለኝም ብለው ይሸኙ።

ደረጃ 4፦ መቶ ግራም ይሞክሩ

ለ1,000 ግራም የሚሆነው መነሻ ቀመር ይህ ነው፦

ያልተቆላ ሰሊጥ ዘይት 520 ግራም
ሺአ ቅቤ 300 ግራም
የንብ ሰም 160 ግራም
የጉሎ ዘይት 15 ግራም
ቫይታሚን ኢ 5 ግራም

ሁሉንም ለአሥር አካፍለው በ100 ግራም ይጀምሩ። የመዓዛ ዘይት ያለመጨመር ይሻላል፤ ከጨመሩ ከ1 በመቶ አይለፍ፤ ያን ያህል ከሰሊጥ ዘይቱ ይቀንሱ። ለከንፈርና ለሕፃን በሚሆን ላይ ጭራሽ አይጨምሩ።

ሙከራው ሦስት ጊዜ ሳይደገም ወደ ኪሎ አይግቡ። ሦስቱንም ጎን ለጎን አስቀምጠው በጣትዎ ይጫኑ፤ ዓይንዎን ጨፍነው የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ከቻሉ ገና ነዎት።

ሊሸጡበት ያሰቡበት አገርም ይታሰብ። በሱሉልታ ብርድ ልክ የሆነ ቅባት አዳማ ወይም ድሬዳዋ ሲደርስ ዘይት ይሆናል። ወደ ቆላ ለሚሄደው ሰሙን 200፣ ሰሊጡን 480 ግራም ያድርጉና አንዱን ጣሳ ቀኑን ሙሉ ኪስዎ ውስጥ ይዘው ይዋሉ።

ደረጃ 5፦ አንድ ሙሉ ዙር መሥራት

1. ደብተሩን ይክፈቱ። ቀን፣ የሠሪው ስም፣ የዙሩ መለያ ቁጥር፣ እያንዳንዱ ጥሬ ዕቃ ከየት እንደተገዛና ስንት ግራም እንደገባ ይጻፉ። መለያ ቁጥሩን ከቀኑ ያውጡ፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም. የተሠራ የመጀመሪያ ዙር 180412-1 ይሆናል። ሲሠሩ ይጻፉ፤ ማታ አስታውሳለሁ አይበሉ።

2. ሁሉንም ይመዝኑና በሚገቡበት ተራ ይደርድሩ። መብራት ቢጠፋ እንኳን ምን እንደገባና ምን እንደቀረ በዓይን ይታያል።

3. ድስት ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ውኃ አድርገው ያሙቁ። የማይዝግ ብረት ሳህኑን ከላይ ይግጠሙ። ዘይትና ሰም በቀጥታ እሳት ላይ በፍጹም አይጣዱ። ውኃችን ከ92 ዲግሪ ስለማያልፍ ቅባቱም አያልፍም፤ ሰም ደግሞ የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ችኮላ ትርፉ እሳት ነው። ከሰል ላይ የሚሠሩ ከሆነ በርና መስኮት ይክፈቱ፤ ልጆች አይቅረቡ።

4. ሰሙን፣ ሰሊጡንና የጉሎውን ዘይት አንድ ላይ ይጨምሩ። 75 ዲግሪ እስኪደርስ ቀስ እያሉ ያማስሉ። የሰም ፍንጣሪ ከሥሩ አለመቅረቱን በማንኪያ እያነሡ ይዩ።

5. ሳህኑን ከእሳቱ ያንሡና ሥሩን በፎጣ ይጥረጉ። ይህን የዘነጋ ሰው ሲያንቆረቁር የሳህኑ ሥር ላይ የተንጠለጠለው ውኃ ጣሳው ውስጥ ይንጠባጠባል።

6. ሺአ ቅቤውን ይጨምሩ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪቀልጥ ያማስሉ። ካልቀለጠ ለአንድ ደቂቃ ወደ ሙቁ ውኃ ይመልሱት።

7. በማንኪያ ይፈትሹ። አስቀድሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ የገባ ማንኪያ ላይ ጥቂት ያንጠባጥቡ፤ ሁለት ደቂቃ ቆይተው በጣት ይጫኑ። ከላላ 10 ግራም ሰም፣ ከጠጠረ 20 ግራም ሰሊጥ ይጨምሩ፤ ደብተሩ ላይም ያስፍሩ።

8. ወደ 65 ዲግሪ ሲወርድ ቫይታሚን ኢ ጨምረው ያማስሉና ወዲያው ያንቆርቁሩ። ጣሳውን ከአሥር ዘጠኝ እጅ ብቻ ይሙሉ። መሐሉ ሲረጋ ጎድጎድ ይላልና የቀረውን አሙቀው ከላይ ይሙሉበት።

9. ቶሎ ያቀዝቅዙ። ጣሳዎቹን ትሪ ላይ ደርድረው ነፋሻ ግን አቧራ የማይገባበት ቦታ ያስቀምጡ፤ ማቀዝቀዣ ካለ ለሃያ ደቂቃ ያስገቡ። በንጹሕ ደረቅ ሻሽ ይሸፍኑ እንጂ ክዳን አይክደኑ፤ ሙቅ ላይ የተከደነ ጣሳ ያልባል፤ ላቡም ውኃ ነው። ማቀዝቀዣ የገባውንም ከወጣ በኋላ የክፍሉን ሙቀት ሳይለምድ አይክደኑት።

10. በማግስቱ ይክደኑ፤ መለያ ቁጥሩን ይለጥፉ። ከየዙሩ ሁለት ጣሳ ይለዩና የመጠቀሚያ ጊዜው እስኪያልቅ አይንኩ።

ድንገት ዘይት እሳት ከያዘ ምድጃውን አጥፍተው ድስቱን በክዳን ያፍኑ። ውኃ አይድፉበት፤ እሳቱ ይበተናል። ክዳኑን ከሥራው በፊት እጅ የሚደርስበት ቦታ ያስቀምጡ።

ደረጃ 6፦ ሲበላሽ ምን ይደረግ

እንደ አሸዋ ከቆረቆረ፦ ሺአው ቀስ ብሎ ስለቀዘቀዘ ነው። አልተበላሸም። ሙሉውን ቀስ ብለው እንደገና ያቅልጡና በፍጥነት ያቀዝቅዙ። ገዢው ቤት ደርሶ ከቆረቆረ ጉዞ ላይ ቀልጦ በዝግታ ረግቶ ነው፤ ከመስኮትና ከመኪና ሙቀት እንዲያርቅ ይንገሩት።

ላዩ ላይ የዘይት እንክብል ካወጣ፦ ሙቀቱ መለዋወጡን ያሳያል። ያረፈበትን ቦታ ይቀይሩ። ከደጋገመ ሰሙን ከጠቅላላው ክብደት በ2 በመቶ ያሳድጉ።

የቆየ ዘይት ከሸተተ፦ በክቷል። መዓዛ ጨምረው አይሸፍኑት። ይጣሉት፤ በደብተሩ ያ ዘይት የገባበትን ሌላ ዙር ይፈልጉና እሱንም ያሽቱ።

ነጥብ ወይም ጸጉር የመሰለ ነገር ካወጣ፦ ሻጋታ ነው፤ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ላዩን ጠርጎ መሸጥ አይቻልም። የዙሩን ጣሳዎች በሙሉ ይሰብስቡ።

ደረጃ 7፦ በሰው ቆዳና በጊዜ ይፈትኑት

አሥር የሚሆኑ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ፈቃደኛ ዘመዶችና ጎረቤቶች ይምረጡ። ክንድ መታጠፊያ ውስጥ የስሙኒ ያህል ይቀቡ፤ ለ48 ሰዓት በየቀኑ ይዩ። መቅላት፣ ማሳከክ ወይም ማበጥ ካለ ያ ሰው ያቁም፤ ምክንያቱንም ይፈልጉ። ሰሊጥ የሚያስቆጣቸው ሰዎች አሉ። አስቀድመው ይጠይቁ፤ ጣሳው ላይም በጉልህ ይጻፉ።

ለጊዜው ፈተና አንድ ጣሳ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ፣ አንዱን ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡ። በየወሩ ቀለሙን፣ ሽታውንና ጥንካሬውን ይመዝግቡ። ስድስት ወር ያልቆየን ቅባት «ሁለት ዓመት ይቆያል» ብሎ መጻፍ ሐሰት ነው። የዘይቱ የመጠቀሚያ ጊዜ ከቅባቱ በፊት የሚያልቅ ከሆነም የዘይቱን ይያዙ።

ደረጃ 8፦ ወረቀቱን ከኪራይ በፊት ይጨርሱ

መጀመሪያ የትኛው አስተዳደር ሥር እንዳሉ ያረጋግጡ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን በኦሮሚያ ሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ኮተቤና ቱሉ ዲምቱ ደግሞ በአዲስ አበባ። መንገድ ለመንገድ ተያይተው የሚኖሩ ሁለት ቤቶች የሚሄዱበት ቢሮ የተለያየ ሊሆን ይችላል። በተሳሳተው ቢሮ ወረፋ ቆሞ ቀን ማቃጠል የተለመደ ነው።

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባና የንግድ ሥራ ፈቃድ ያስፈልጋሉ። መዋቢያ ምርት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከምግብና ከመድኃኒት ጋር በአንድነት ቁጥጥር የሚደረግበት ነው። ስለዚህ ቤት ከመከራየትዎ በፊት ወደሚመለከተው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ አካል ሄደው የማምረቻ ቦታ መስፈርቱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ መኖሪያ ቤት ውስጥ ማምረት ይፈቀድ እንደሆነም በግልጽ ይጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ ተከራይተን ወለሉ አይሆንም ተብለን የሁለት ወር ኪራይ ከስረናል።

የንግድ ስምና የንግድ ምልክት አንድ አይደሉም። ስሙ የሚመዘገበው ንግድ ቢሮ ነው፤ ምልክቱ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተመዘገበ ምልክት ለ7 ዓመት ይጠበቃል፤ ከዚያም ይታደሳል። ስሙ ነጻ መሆኑን ሳያረጋግጡ ጣሳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አንድ ሺሕ አያሳትሙ።

ደረጃ 9፦ ጣሳው ላይ ምን ይጻፍ

የምርቱ ስምና ጥቅም፣ የተጣራ ክብደት፣ ይዘቱ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ተራ፣ የአምራቹ ስም፣ አድራሻና ስልክ፣ መለያ ቁጥር፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የአጠቃቀምና የጥንቃቄ ቃል። ቀኑን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ይጻፉ፤ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ብለው ይለዩ። «2019» ብቻ ያየ ገዢ እንደ ፈረንጅ ቆጥሮ ጊዜው ያለፈበት ነው ብሎ ይመልሰዋል።

«ችፌ ያድናል»፣ «ማድያት ያጠፋል» አይበሉ። ያድናል ያሉት ነገር መድኃኒት ነው፤ እርስዎ መድኃኒት የማምረት ፈቃድ የለዎትም። የታመመ ሰውም ሐኪም ጋ መሄድ ሲገባው የእርስዎን ቅባት እየቀባ ይቆያል። «ደረቅ ቆዳን ያለሰልሳል» ይበቃል።

ደረጃ 10፦ ዋጋውን በወረቀት ያውጡ

ከአንድ ኪሎ ቅባት በ30 ግራም ጣሳ 33 ይወጣል ብለው ይቆጥራሉ። ሳህንና ማንኪያ ላይ የሚቀረው ሲቀነስ 31 ይያዙ። የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ ናቸው፤ በራስዎ ዋጋ ይተኳቸው።

ጥሬ ዕቃ 1,900 ብር፤ ጣሳ 31 በ35 ብር 1,085፤ ጣሳው ላይ የሚለጠፍ ወረቀት 31 በ10 ብር 310። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው አንዱ ጣሳ 106 ብር የፈጀ ይመስለዋል። ቀጥሉ፦ መብራት፣ ጓንትና አልኮል 150፤ መጓጓዣ 300፤ የአምስት ሰዓት ጉልበት በ100 ብር 500። ድምሩ 4,245 ብር፤ ለአንዱ 137 ብር። ለናሙናና ለብልሽት 5 በመቶ ሲጨመር 144።

አሁን በ250 ብር ይሸጣል ብንልና ሱቁ ሩቡን ቢወስድ፣ እጅዎ የሚገባው 187 ብር ከ50 ነው። ግብር ሳይነሣ የሚተርፈው 43 ብር ከ50። በጎረቤት ዋጋ 150 ብር የጀመረ ሰው ሱቅ ውስጥ ሲገባ የሚሰበረው ለዚህ ነው፤ የወደፊቱን የሱቅ ዋጋ ከመጀመሪያው ቀን ይዘው ይነሡ።

ደረጃ 11፦ ቤተሰቡ ከመጣላቱ በፊት ይስማማ

የእናት ጉልበት ነጻ አይደለም። እናቴ ለሰባት ወር ሰም ስታጠራ አንድ ብር አልከፈልናትም፤ ስትታመም ሌላ ሰው ቀጥረን ሳለ ነው ትርፋችን ሁሉ የእሷ ደመወዝ እንደነበር የገባን። በሰዓት ወይም በዙር የሚከፈል ይወስኑ፤ በወር መጨረሻ ይክፈሉ።

የንግዱ ገንዘብ በተለየ የባንክ ሂሳብና በተለየ የቴሌብር ቁጥር ይግባ። ከቤት አስቤዛ ጋር አይቀላቀል። የዕቁብ ብር ለመነሻ ከገባ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚመለስ ይጻፍ። ገንዘቡን የሚይዝና ደብተሩን የሚጽፍ ሁለት የተለያየ ሰው ይሁን። ቀመሩንም ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው።

ደረጃ 12፦ ሽያጭና ቅሬታ

በሦስት ሱቅ ይጀምሩ፤ በሠላሳ አይደለም። ለእያንዳንዱ ስድስት ጣሳ ሰጥተው በሳምንቱ ይመለሱና የቀረውን ይቁጠሩ። በዱቤ ከሰጡ ባለሱቁ ይፈርም።

አንድ ቀን «ቆዳዬ ተቆጣ» የሚል ስልክ ይመጣል። አይከራከሩ። በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦

1. መቀባቱን ወዲያው እንዲያቆምና ቦታውን በውኃና በለስላሳ ሳሙና እንዲታጠብ ይንገሩ። ፊት ወይም ዓይን ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ጣሳውንም ይዞ ይሂድ።
2. የጣሳውን መለያ ቁጥር ይጠይቁ፤ ደብተሩን ከፍተው ያን ዙር ያግኙ።
3. ለይተው ያስቀመጡትን ሁለት ጣሳ ከፍተው ያሽቱ፤ ይዩ፤ ክንድዎ ላይ ይቀቡ።
4. ገንዘቡን በዚያው ቀን ይመልሱ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስኪታወቅ አይጠብቁ።
5. ከዚያው ዙር ሁለተኛ ቅሬታ ከመጣ ሱቆቹ ጋ ይደውሉና የቀረውን በሙሉ ያንሡ። ስንት ወጥቶ ስንት እንደተመለሰ በዙሩ ገጽ ላይ ይጻፉና ሁለት ሰው ይፈርምበት።